የተላ የዶሮ ቁስል በላምባ አይድንም፦ ለአንድ አሳሳች ምክር የተሰጠ ምላሽ

በጓሯቸው ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች ሰሞኑን እየተቀባበሉት ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። ዝንብ እንቁላሏን ጥላበት የተላ ቁስል እንዴት እንደሚታከም ያስተምራል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ትል የሞተ ሥጋ ብቻ ስለሚበላ ቁስሉን ያጸዳዋል፤ አትቸኩሉ። ከበዛ ላምባ ወይም በረኪና አፍስሱበት። ከዚያ እስኪደርቅ ድረስ በየቀኑ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እጠቡት። አይቨርሜክቲን የተባለውን የጥገኛ ተባይ መድኃኒት ከወጋችሁ ሌላ ነገር አያስፈልግም። ማር ቀብታችሁ በፋሻ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። የለቀማችሁትን ትል ለሌሎቹ ዶሮዎች ስጧቸው፤ ፕሮቲን ነው። ይህ ችግር የሚገጥመው የዶሮ ቤቱን የማያጸዳ አርቢን ብቻ ስለሆነ፣ ቤቱን ጠርጋችሁ የዝንብ ወጥመድ ውስጡ ስቀሉ።

ጸሐፊው የታመመችው ዶሮ ከመንጋው ትለይ፣ ለብ ባለ ውሃም ትታጠብ ማለታቸው ትክክል ነው። የቀረው ምክር ግን ዶሮ ይገድላል። በሞቃት ወቅት ዛሬ ጠዋት ደህና የነበረች ዶሮ ነገ ማታ መቆም ሊያቅታት ስለሚችል፣ የተሳሳተውን እየሞከሩ ትክክለኛውን ለማግኘት የሚበቃ ጊዜ የለም። ነጥብ በነጥብ እንየው።

«ትሉ የሞተ ሥጋ ብቻ ስለሚበላ ቁስሉን ያጸዳዋል»

ይህ እምነት ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። በሰው ሕክምና የማይድን ቁስልን በትል ማጽዳት እውነተኛ ዘዴ ነው፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2004 እ.ኤ.አ. ፈቅዶታል። ነገር ግን ያ ትል ሉሲሊያ ሰሪካታ ከተባለች አንዲት የዝንብ ዝርያ የሚገኝ፣ ከጀርም ነጻ ተደርጎ በቤተ ሙከራ የተፈለፈለ ነው። ለቁስሉ ስፋት ተቆጥሮ ይቀመጣል፣ እንዳይወጣ በመረብ ይሸፈናል፣ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥም ተጠራርጎ ይወጣል። ጓሮ ያለችው ዝንብ ግን እንቁላሏን የጣለችው ከሬሳና ከኩስ ላይ ተነሥታ መጥታ ነው። ትሉን የሚቆጥረው የለም፣ የሚያግደው መረብ የለም፣ በቃህ የሚለውም የለም።

የሞተ ሥጋ ብቻ ይበላል የሚለውም ቢሆን ሙሉ እውነት አይደለም። ትል ጥርስ የለውም፤ በአፉ መንጠቆዎች ሥጋውን ይቧጥጣል፣ ሥጋ የሚያሟሟ ፈሳሽም ይረጭበታል። በኩስና በፈሳሽ የራሰ፣ የላላ ቆዳ ይህን አይቋቋምም። መጀመሪያ ጤነኛ የነበረው የቁስሉ ዳር ይሟሟና ለትሉ አዲስ ምግብ ይሆናል። ሽታው ሌሎች ዝንቦችን ይጠራል፣ እነሱም እንቁላል ይጨምራሉ፤ ለዚህ ነው በአንድ ቁስል ውስጥ ደቃቁም ትልቁም ትል አብሮ የሚገኘው። ከዚህም አልፎ፣ ገና ከመነሻው ሕያው ሥጋ የሚበሉ ዝርያዎች አሉ፦ በአፍሪካና በእስያ ክሪሶሚያ ቤዚያና፣ በአሜሪካ አህጉር ደግሞ ኮክሊዮሚያ ሆሚኒቮራክስ። ዶሮ ላይ ብዙ ጊዜ ባይታዩም አንድ ሰው በዓይኑ አይቶ ከሌላው ትል ሊለያቸው አይችልም። ከቁስሉ የወጡ ጥቂት ትሎችን በአልኮል ብልቃጥ አኑሮ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሰዓቱን ደግሞ አስሉት። አንዲት ዝንብ በአንድ ጊዜ እስከ 200 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በሙቀት ከ8 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላል። ትሉ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ጠግቦ መሬት ላይ ይወድቃል፣ አፈር ውስጥ ገብቶም ወደ ዝንብነት ይለወጣል። «አትቸኩሉ» ማለት እንግዲህ ትሉ በልቶ እስኪጨርስ ጠብቁ ማለት ነው።

«ከበዛ ላምባ ወይም በረኪና አፍስሱበት»

ከሁሉ የሚያስቆጣው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው እጁ ላይ ያለው እሱ ስለሆነ ወዲያው ያደርገዋል። ላምባም ሆነ ቤንዚን የተከፈተ ሥጋን ያቃጥላል፣ በቁስሉም በኩል ወደ ሰውነት ይሰርጋል። ዶሮዋ ላባዋን በአፏ ስታስተካክል ትውጠዋለች። ትነቱም የወፍ መተንፈሻ አካል ከእኛ ይበልጥ አየር ጠልቆ የሚገባበት ስለሆነ ሳንባዋንና የአየር ከረጢቶቿን ይጎዳል። ላባ ቅባት ሲነካው ሙቀት መያዝ ያቅተዋል፤ የደከመች ዶሮ ደግሞ በብርድ ትሞታለች። በረኪና ትሉን ብቻ ሳይሆን ለመዳን የሚታገለውንም ሥጋ ይገድላል። የወለል ማጽጃ ኬሚካል፣ ኖራ፣ ለእርሻ የሚረጭ ፀረ ተባይ ሁሉም ከዚሁ ጎራ ናቸው። ለወፍ ቅማል የሚነሰነስ የፐርሜትሪን ዱቄት ለጤነኛ ላባ የተሠራ እንጂ ለክፍት ቁስል አይደለም።

ላምባው ትሉንስ ያወጣዋል? የተወሰነው ይወጣል። የተቀረው ግን ሲነደው ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ እዚያው ይሞታል፣ እዚያው ይበሰብሳል።

ለምን ወደ ውስጥ እንደሚሸሽ ለመረዳት ቁስሉን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። ላባው ሲገለጥ ብዙ ጊዜ የሚታየው ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ በቀዳዳው አፍ ላይ ደግሞ የትሎቹ ደንደን ያሉ ጫፎች ተደርድረው ይንቀሳቀሳሉ። እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ሁለት ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ። ሰው ዓይን ይመስሉታል፤ ግን ትሉ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች ናቸው፣ ያሉትም በጭራው በኩል ነው። አፉና መንጠቆው ታች ሥጋው ውስጥ ነው። በወረንጦ ስትነኩት ተኮማትሮ የሚጠልቀው ለዚህ ነው። መፍትሔውም ከዚሁ ይገኛል፦ የሚተነፍስበትን በውሃ ስትሸፍኑበት አየር ፍለጋ ራሱ ይወጣል።

ስለዚህ በላምባው ፋንታ እንዲህ ይደረግ።

መጀመሪያ ዶሮዋን እንጂ ቁስሉን አትመልከቱ። ዓይኗን ጨፍና ከተጋደመች፣ እግሯም ከቀዘቀዘ ወዲያው ውሃ ውስጥ መንከር ሊገድላት ይችላል። ጨለም ባለ፣ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ትረፍ። ራሷን መያዝ ከቻለች ለብ ያለ ውሃ ከአፏ ዳር ጠብታ በጠብታ ስጧት። በሲሪንጅ ወደ ጉሮሮዋ አትግፉ፤ የአየር ቧንቧዋ ከምላሷ ኋላ ክፍት ስለሆነ ሳንባዋ ይገባል። በዚህ መሐል ላይ ላዩን ያለውን ትል መልቀም ይቻላል።

ከዚያ ጓንት፣ ጫፉ ድፍን የሆነ ወረንጦ፣ መቀስ፣ መርፌው የወጣለት ከ20 እስከ 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ፣ ጥርሰ ደቃቅ ማበጠሪያ፣ ፎጣ እና ሳፋ አዘጋጁ። ለማጠቢያ 1 ሊትር ውሃ አፍልታችሁ 9 ግራም ጨው ጨምሩበት፤ ሚዛን ከሌለ ለግማሽ ሊትር ጫፉ ትንሽ የጎደለ አንድ የሻይ ማንኪያ ይሆናል። ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ይብረድ። የዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ለእጃችሁ ለብ የሚለው ውሃ ለእሷ ይቀዘቅዛል።

ዶሮዋን በፎጣ ጠቅልሉ፣ ደረቷን ግን አትጫኑ። ዶሮ እንደ እኛ ድያፍራም (ደረትን ከሆድ የሚለይ የመተንፈሻ ጡንቻ) የላትም፤ የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ በማንቀሳቀስ ነው። ጥብቅ አድርጎ የያዛት ሰው ሳያውቀው ያፍናታል። በጀርባዋም ለረጅም ጊዜ አታስተኟት።

በቁስሉ ዙሪያ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ላባ ከቆዳው በላይ ቁረጡ። አትንቀሉ፤ የተጎዳ ቆዳ አብሮ ይቀደዳል፣ ገና በማደግ ላይ ያለ ላባም ሲነቀል ይደማል። በዚሁ ጊዜ በላባው ሥር የተጣበቀውን ክሬም የመሰለ ነጭ ክምችት ፈልጉ። እንቁላሉ እሱ ነው። ውሃ አያነሣውም፤ ከላባው ጋር ተቆርጦ ወይም በማበጠሪያ ተፍቆ ይወጣል። ብዙ ሰው ትሉን ለቅሞ እንቁላሉን ይተውና በማግስቱ «ከየት መጣ?» ይላል።

አሁን የታችኛው ሰውነቷ ብቻ ውሃው ውስጥ እንዲሆን አድርጋችሁ፣ ራሷን ከፍ አድርጋችሁ ይዛችሁ 10 ደቂቃ ያህል አቆዩአት። ትሉ ሲወጣ ልቀሙ። ከዚያ በሲሪንጁ ወደ ቀዳዳው ውስጥ መለስተኛ ግፊት እየሰጣችሁ እጠቡ፤ የሚወጣው ውሃ ንጹሕ እስኪሆን ደጋግሙ። ቆዳው ከሥጋው ተላቆ ኪስ ከሠራ ኪሱ እስከሚያልቅበት ድረስ ይታጠብ፤ ትሉ የሚደበቀው እዚያ ነው። ቁስሉ ወደ ሆድ ዕቃ የሚያልፍ ከመሰለ ግን አቁሙ፣ ምንም አትርጩበት፣ ወደ ሐኪም ውሰዷት። አንድ ዙር ከ15 ደቂቃ አይብለጥ። መተንፈሷ ከፈጠነ ወይም አፏን ከከፈተች አሳርፏት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀጥሉ። በመጨረሻ በፎጣ፣ ከዚያም በትንሹ ሙቀት በሚነፋ የፀጉር ማድረቂያ እስከ ላባዋ ሥር አድርቋት። እርጥብ ሆና የቀረች ዶሮ ለሚቀጥለው ዝንብ ግብዣ ናት።

«እስኪደርቅ በየቀኑ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ»

3 በመቶ የሆነው ፐርኦክሳይድ አረፋው ትል ከላይ ላዩ ስለሚያባርር ለአንድ ጊዜ፣ ለገላጣ ቁስል ብቻ፣ ወዲያው በጨው ውሃ ታጥቦ ከሄደ የሚፈቅዱት አሉ። በየቀኑ መጠቀም ግን ቁስሉን ለመሙላት የሚበቅለውን አዲስ ሥጋ በየቀኑ ማቃጠል ነው። ጠባብና ጥልቅ ቀዳዳ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ የሚፈጠረው ጋዝ መውጫ ሲያጣ ወደ ደም ሥር ሊገባ ይችላል።

ፀረ ጀርም ካስፈለገ የተበጠበጠ ይሁን። 10 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ከሆነ 1 እጁን በ9 እጅ ውሃ አቅጥኑት። 2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ከሆነ 25 ሚሊ ሊትሩ ላይ ውሃ ጨምራችሁ 1 ሊትር አድርሱት፤ 0.05 በመቶ ይሆናል። ሳሙና የተቀላቀለበት ዓይነት ለቆዳ እንጂ ለቁስል አይሆንም። የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት ጠዋትና ማታ፣ ከዚያ በቀን አንዴ ማጠብ ይበቃል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ እንቁላልና ደቃቅ ትል እንደገና ይፈለግ።

«አይቨርሜክቲን ከወጋችሁ ሌላ ነገር አያስፈልግም»

መድኃኒቱ ትል ይገድላል። ግን የሞተውን ትል ከቁስሉ አያወጣም፣ የበሰበሰውን ሥጋ አያጥብም፣ ዶሮዋን ከድንጋጤና ከውሃ እጥረት አያነሣም። በብዙ አገሮችም እንቁላል ለምትጥል ዶሮ አልተፈቀደም፤ ቅሪቱ በእንቁላሉ ውስጥ ስለሚገኝ እንቁላሏ ለስንት ጊዜ እንደማይበላ የሚወስነው ሐኪም ነው። ጽሑፉ ስለዚህ አንድ ቃል አላነሣም።

መጠኑንም አልጻፈም፤ ይህ ዝምታ ብቻውን ዶሮ ይገድላል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ለ1 ኪሎ ግራም ክብደት 0.2 ሚሊ ግራም ነው። ለከብት የሚሸጠው 1 በመቶ መርፌ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለው። ለ2 ኪሎ ዶሮ የሚያስፈልጋት 0.4 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 0.04 ሚሊ ሊትር ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ላይ አራት ደቃቅ መስመር ብቻ። በ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይህ መጠን ሊለካ እንኳ አይችልም። «ግማሽ ሚሊ» ብሎ በግምት የወጋ ሰው ከ12 እጥፍ በላይ ሰጥቷል። ስለዚህ ሐኪም ሳያዝ፣ ዶሮዋም ሳትመዘን አይሰጥ።

ሕመምን በተመለከተም ጽሑፉ ዝም ብሏል። ዶሮ ሕመሟን ትደብቃለች እንጂ ይሰማታል። እንደ ሜሎክሲካም ያለ ማስታገሻ ከሐኪም ይጠየቅ፤ ከቤት መድኃኒት ሣጥን የሰው ክኒን ቆርሶ መስጠት አይገባም። የሚያደነዝዝ ነገር የተቀላቀለበት የሰው ቅባትም እንዲሁ፤ የዶሮ ሰውነት ትንሽ ስለሆነ መጠኑ ቶሎ ያልፋል።

«ማር ቀብታችሁ በፋሻ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ»

የሕክምና ማር ንጹሕ ሆኖ የታጠበ ቁስል ላይ በስሱ ሲቀባ ይረዳል። ለቁስል የሚዘጋጀው ማር ግን በጨረር ከጀርም የጸዳ ነው፤ ተራው ማር የባክቴሪያ ዘር ሊይዝ ይችላል። 1 በመቶ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን የተባለ ፀረ ጀርም ክሬም ካለ ይሻላል፤ እሱም በስሱ፣ ላባ ሳይነካ።

ማሰሩ ነው ችግሩ። የተላ ቁስል ቆሻሻ ቁስል ነው፤ ከተዘጋ ወይም ከተሰፋ ውስጥ ያመግላል። የወፍ መግል ደግሞ እንደ ሰው ፈሳሽ አይደለም፤ እንደ አይብ የጠጠረ ስለሆነ ተጨምቆ አይወጣም፣ በራሱም አይፈስም። ስለዚህ ቁስሉ ክፍት ሆኖ ከታች ወደ ላይ ይሙላ፤ ዝንቡን የሚከለክለው ፋሻ ሳይሆን ቦታው ይሁን። ዶሮዋ ቤት ውስጥ ወይም በደቃቅ መረብ በተሸፈነ ሣጥን ትቀመጥ፣ ከሥሯም ጉዝጓዝ ሳይሆን ነጭ ጨርቅ ወይም ወረቀት ይነጠፍ፤ የወደቀ ትል ወዲያው ይታያል፣ ኩሷም ይታያል። ቁስሉ በአዲስ ቆዳ እስኪሸፈን ወደ መንጋው አትመለስ፤ ዶሮዎች ቀይ ነገር ካዩ ይነክሱታል።

በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን በቁስሉ ዙሪያ ቆዳው አረንጓዴ ቢሆን አትደንግጡ። የወፍ ሰውነት የፈሰሰን ደም ሲያፈርስ የሚተወው ቀለም አረንጓዴ ነው። የሚያስጨንቀው ጠቁሮ፣ ቀዝቅዞ፣ የሚሸት ሥጋ ነው።

«ትሉን ለሌሎቹ ስጧቸው»

አይሰጥ። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለ ባክቴሪያ በበሰበሰ ሥጋ ውስጥ የሚያመነጨው መርዝ ትሉን ሳይጎዳ በሰውነቱ ይጠራቀማል፤ የበላችው ዶሮ አንገቷ ይዝላል፣ ክንፏና እግሯ ሽባ ይሆናል። አደጋው ከሬሳ በወጣ ትል ላይ የባሰ ቢሆንም የሞተ ሥጋ ካለው ቁስል የወጣውንም የሚያስጥል ምክንያት ይበቃል፤ መድኃኒት የነካው ከሆነማ ጭራሽ። ፈላ ባለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ጣሉት። አፈር ላይ የተደፋ ትልቅ ትል ከቀናት በኋላ ዝንብ ሆኖ ይመለሳል።

«ቆሻሻ ቤት ያለው ብቻ»

እርጥብ ጉዝጓዝ ዝንብ ያበዛል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ዝንቧን የምትጠራት ብዙውን ጊዜ ራሷ ዶሮዋ ናት፣ ያውም ተጠርጎ በተያዘ ቤት ውስጥ። በተቅማጥ ወይም በሆድ ትል ምክንያት በፊንጢጣዋ ዙሪያ ኩስ የተለጠፈባት፣ ከመወፈሯ ወይም ከመገጣጠሚያ ሕመም የተነሣ ጭራዋን ማጽዳት ያቃታት፣ የእንቁላል ማውጫዋ ተገልብጦ የወጣ፣ ሆዷ ውስጥ እንቁላል ፈስሶ ያበጠች፣ አውራ ዶሮ ሲወጣባት በጥፍሩ ከክንፏ ሥር የሰነጠቃት፣ ውሻ ነክሷት ላባዋ ጉዳቱን የሸፈነባት። ቤቱን ብቻ ጠርጎ የተቀመጠ አርቢ ይህችኑ ዶሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ትል ይለቅምላታል። ትሉ ከወጣ በኋላ ሆዷን ዳስሱ፣ ፊንጢጣዋን እዩ፣ ክብደቷን መዝኑ፣ በማታ በባትሪ ቅንቅን ፈልጉ። መነሻው ካልታወቀ ሕክምናው አላለቀም።

ጽሑፉ ያልደፈረው ነገርም መባል አለበት። ትሉ ወደ ሆድ ዕቃ ከገባ፣ ፊንጢጣዋ ተበልቶ ከጠፋ፣ ወይም ሞቃ፣ ውሃ አግኝታ ከጥቂት ሰዓት በኋላም ራሷን ማንሣት ካልቻለች፣ ሐኪም ያለ ሥቃይ ሕይወቷ እንዲያልፍ እንዲያደርግ መጠየቅ ደግነት ነው። እየተበላች ለቀናት ማቆየት ግን ሕክምና ሊባል አይችልም።

የመጨረሻው የወጥመድ ምክር ነው። ማጥመጃው የሚሠራው ዝንብን በጠረን በመሳብ ስለሆነ፣ ዶሮ ቤት ውስጥ ከተሰቀለ ከሩቅ ያለችውን ዝንብ ሁሉ ወደ ዶሮዎቹ ይጠራል። ከቤቱ ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ፣ ዶሮ በማይደርስበት ቦታ ይሰቀል። ቤቱ ውስጥ የሚበጀው ደረቅ ጉዝጓዝ፣ ሬሳና የተሰበረ እንቁላል በዕለቱ ማንሣት፣ በሞቃትና በዝናባማ ወራት ደግሞ እያንዳንዷን ዶሮ በየቀኑ አንሥቶ ከጭራዋ ሥር ማየት ነው። ኩስ የለጠፈባት ከተገኘች በዚያው ቀን ትታጠብ፣ ላባው ይቆረጥ፣ ትድረቅ፤ የዝንቧ እንቁላል ለመፈልፈል አንድ ቀን እንኳ ላይፈጅበት ይችላልና።